በሰው ድምፅ የሚሄድ መጽሐፍ

ቡቲዬ የኬንያዋ ሞያሌ ሰፈር ናት። ከቤቴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣም ሆነ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ መንገደኛ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል። ድንበሩን በእግር ተሻግረን ወደ ኢትዮጵያዋ ሞያሌ ስንገባ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይቀንሳል፣ ቀኑም ወሩም ይለወጣል። የሰዓት አቆጣጠሩ ግን ብዙ አያስቸግረንም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው የማለዳውን ሰዓት አንድ ብሎ ይጀምራልና። በሰፈሬ ቡናውም፣ ስኳሩም፣ ጨርቁም ሞልቷል። የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ ግን የለም። መጽሐፍ እዚህ የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ወይም በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ በቴሌግራም የአንዲት ደራሲ ድምፅ ሰማሁ። ከአንድ ልብ ወለድ ሦስት ገጽ አነበበች፤ መጽሐፉ የእሷ አልነበረም፣ የሌላ ደራሲ ነበር። ስትጨርስ ዋጋውንና የደራሲውን ስልክ ቁጥር ነግራ ዝም አለች። እኔም ደወልኩ፣ ማዶ ያለ ወዳጄ ገንዘቡን በቴሌብር ላከልኝ፣ መጽሐፉ በሁለተኛው ሳምንት ቡቲዬ ገባ። ደራሲ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ራሱ ሲሸጥ፣ ባልንጀራው ደግሞ ድምፁን ሲያውስለት የዘመናችን ግኝት ይመስለኝ ነበር። ወደ ኋላ ዞሬ ስመለከት ግን ነገሩ የአማርኛን ድርሰት ያህል የቆየ ሆኖ አገኘሁት።

እንዲያውም ከኅትመት በፊት ይጀምራል። በብራና ዘመን መጽሐፍ ለገበያ አይወጣም ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ለቁም ጸሐፊ ከፍሎ ያስጽፋል። ቅኔ ግን ብራናም አልጠበቀ። ባለቅኔው በማኅሌት ቆሞ ይዘርፋል፣ የሰማው ተማሪ በቃሉ ይይዛል፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ጎንደር ሲዘዋወር የመምህሩንና የጓደኛውን ቅኔ ከነባለቤቱ ስም እየጠራ ያሰማል። ባለቅኔው ራሱን አያስተዋውቅም ነበር፤ ዝናውን የሚያዳርስለት ጓደኛው ነው። ይህን ልማድ ሳስብ የዛሬው ቴሌግራም ብዙም አይደንቀኝም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው ከአገር ውጪ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም አሳተመ። መጽሐፉ አንባቢው ካለበት ባሕር ተሻግሮ ተወለደ ማለት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነሣላቸው ትልቅ ሥራ አላቸው። በ1904 ዓ.ም. ቀጥሎም በ1920 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል። የራሳቸው መጻሕፍት እያሉ የሌላውን ሰው ሥራ ቆጥሮ፣ ርእሱን መዝግቦ «ይህም አለ፣ ይህም አለ» ማለት ለባልንጀራ የሚደረግ ትልቁ ውለታ ይመስለኛል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በስሙ የሚጠራውም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ሲጀምር ማተሙ ከሮም ወደ አዲስ አበባ ቀረበ። አንባቢውን ፈልጎ ማግኘቱ ግን የደራሲው ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ይህን ዕዳ ሙሉ በሙሉ በትከሻው የተሸከመ ሰው ጥሩ ብባል አቤ ጉበኛን እጠራለሁ። የጎጃሙ የአቸፈር ልጅ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ብቻ ሊኖር ወሰነ። ያኔ ይህን ማድረግ ደመወዝን፣ ማዕረግን፣ የደጅ ጥናት ተስፋን ሁሉ መተው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የታተመው «አልወለድም» ታገደ፣ ተሰበሰበ። የታገደ መጽሐፍ ማስታወቂያ ሊወጣለት አይችልም፤ ሆኖም የአንድ ትውልድ ተማሪዎች ከእጅ ወደ እጅ አዳረሱት። አቤ ኋላ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚሰናዳው ዓለም አቀፍ የደራስያን መርሐ ግብር እስከ መጋበዝ ደርሷል፤ አገሩ ውስጥ ግን የመጽሐፍ ገቢ ብቻውን ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ እንደማይበቃ ሕይወቱ ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ «ራሴ አሳታሚ፣ ራሴ አከፋፋይ» የሚሉ ወጣቶችን ሳይ አቤ የሁሉም አባት ሆኖ ይታየኛል።

በዚያው በ1950ዎቹ ደራስያን በማኅበር ተሰባሰቡ፤ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር መነሻው ከዚያ ነው። «መነን» በኋላም «የካቲት» መጽሔቶች ለጀማሪ ብዕር ገጽ ሰጡ። ይሁንና አንድን መጽሐፍ ወደ ሰው ቤት ያስገባው ትልቁ ኃይል የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ሰው ያኔ ጥቂት ነበር። ከዓመታት በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ተረከው። ገጸ ባሕርያቱ በዛብህ፣ ሰብለወንጌል፣ ጉዱ ካሳ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ አገኙ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቷ ልጅ አወቀችው። የወላጆቼ ትውልድ ስለዚያ ትረካ ሲያወራ መጽሐፉን «አነበብነው» አይልም፤ «ሰማነው» ነው የሚለው። ያነበበም ሁሉ ዛሬ ገጹን ሲገልጥ በጆሮው የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፣ እስከ ዛሬም ይታተማል። ለእኔ የአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሰዉ ገዝቶ የሚያነበው መጀመሪያ በሰው ድምፅ የሰማውን ነው።

በኬንያ በኩልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1978 በካሚቲ እስር ቤት ሳለ «ሰይጣን በመስቀል ላይ» የሚል ትርጉም ያለውን ልብ ወለድ በኪኩዩ ቋንቋ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲታተም ማንበብ የሚችለው ለማይችለው በየቤቱ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ጮክ ብሎ አነበበው። ቢንያቫንጋ ዋይናይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬን የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ሲያገኝ ዝናውን ለብቻው አልያዘውም፤ በማግስቱ ዓመት ከጓደኞቹ ጋር «ክዋኒ?» የተባለውን መጽሔት አቋቁሞ ለማይታወቁ ጸሐፊዎች በር ከፈተ። ድንበር ላይ ስኖር የኢትዮጵያንና የኬንያን ታሪክ ነጣጥዬ ማየት አልቻልኩም።

ወደ ማዶ ልመለስ። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ብዙ የልብ ወለድ መጻሕፍትን በብዛት አሳትሞ በየክፍለ ሀገሩ አዳርሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሳንሱሩም እዚያው ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን ያተረፉት አንባቢዎቹ ናቸው። በፍራሽ ሥር ደበቁት፣ ለታመነ ሰው ብቻ አዋሱት። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም እስኪታተም ድረስ ለዓመታት በቅጂ እየዞረ ነው የተነበበው። ጓደኛ ለጓደኛ «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብሎ የሚሰጠው መጽሐፍ ከየትኛውም የጋዜጣ ማስታወቂያ ይልቅ ይናፈቃል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሳንሱሩ ተነሣ፣ የግል ማተሚያ ቤቶች በዙ፣ «አሳታሚ፦ ደራሲው» የሚለው መስመር የተለመደ ሆነ። ደራሲው ደመወዙን ይቆጥባል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ይበደራል፣ አንድ ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ቅጂ ያሳትማል። ከዚያ ወደ አከፋፋይ ይሄዳል። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። የግጥም መድበሌን አዲስ አበባ አሳትሜ ለአንድ አከፋፋይ በአደራ ሰጠሁ፤ ገንዘቡን ስጠይቅ «ገና አልተሸጠም»፣ መጻሕፍቱን ስጠይቅ «አልቀዋል» ተባልኩ። በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ከደራሲ ጋር ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሰምቶታል። መጽሐፌን በእውነት የሸጡልኝ አዟሪዎች ናቸው። ከትከሻ እስከ ክርን መጽሐፍ ደርድረው በየካፌው የሚዞሩት እነዚያ ልጆች የትኛው ገጽ አንባቢን እንደሚይዝ ያውቁ ነበር፤ ገልጠው ያሳያሉ፣ አንዳንዴም ቆመው ያነባሉ።

ደግሞ ምረቃ አለ። መጽሐፍ እንደ ልጅ ይመረቃል፤ በወመዘክር አዳራሽ፣ በሀገር ፍቅር ወይም በሆቴል ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ አንጋፋ ደራሲ ስለ መጽሐፉ ይናገራል፣ ጓደኞች ከየምዕራፉ ያነባሉ፣ ደራሲው ሲፈርም ያመሻል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ጦቢያ ግጥምን በጃዝ ይህን ባህል ወደ ወርኃዊ መድረክ አሳደገው፤ ገጣሚው ሳያሳትም በፊት አድማጭ አገኘ። ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ድርጅት በየጊዜው አንድ መጽሐፍ ይዞ ያወያይ ነበር፤ የአንዱን ደራሲ ሥራ ሌላው ደራሲ ወይም ሃያሲ መነሻ ሐሳብ እያቀረበበት። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ «ሸገር ሼልፍ» በተባለው ዝግጅቱ የወጋየሁን መንገድ ለአዲስ ትውልድ ከፈተ።

ስልኩ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በእውቀቱ ስዩም በፌስቡክ የሚለጥፋት አጭር ወግ በሰዓታት ውስጥ አገር ለአገር ትዞራለች፤ መጽሐፍ ሲያወጣ አንባቢው አስቀድሞ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ካናዳ የሚኖረው ደራሲ አዳም ረታ ከአገሩ አንባቢ ሳይለይ ስለ አጻጻፍ ስልቱ ስለ ሕጽናዊነት የሚከራከሩ ወጣቶችን አፍርቷል፤ መጽሐፉ ገና ማተሚያ ቤት ሳለ የሽፋኑ ሥዕል በቴሌግራም ይዞራል። ሎስ አንጀለስ ያለው ፀሐይ አሳታሚ፣ እንደ ተራኪና አፍሮሪድ ያሉት የስልክ መተግበሪያዎች ውጭ አገር ላለው ኢትዮጵያዊ ሌላ በር ከፈቱ። ብዙም የማይታወቁት ደራስያን ግን ይበልጥ ይማርኩኛል። የደሴዋ የሐዋሳውን መጽሐፍ በገጿ ትለጥፋለች፤ የጅማው የደብረ ማርቆሱን ረቂቅ አርሞ ይልክለታል። ገንዘብ የለውም፣ ውል የለውም። አንዱ ሲያሳትም ሌላው ሃያ ቅጂ ወስዶ በመሥሪያ ቤቱ ይሸጥለታል።

የሚያሳምመኝም እዚሁ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በሳምንቱ ገጹ ሁሉ በስልክ ተነሥቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም በነፃ ይበተናል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፣ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ስሙን ደብቆ የሚበትነውን ሰው ግን ደራሲው በምን አቅሙ ይከስሰዋል? አንዳንዱ «ስለምንወድህ ነው የምናዳርስልህ» ይላል። በኦሮማይ ዘመን በድብቅ ማዳረስ መጽሐፉን ማትረፍ ነበር፤ ዛሬ ማዳረስ የደራሲውን ቀጣይ መጽሐፍ ማስቀረት ነው። ይህን ልዩነት ደራስያን ራሳቸው በየገጻቸው ደጋግመው ቢያስረዱ ከክስ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ አንዳንዶች ጀምረውታል፣ ተከታዮቻቸውም የፒዲኤፍ ገጾችን እየጠቆሙ ያስዘጋሉ።

ሌላም ስጋት አለኝ። በምረቃ አዳራሽም ሆነ በፌስቡክ የምንወዳደስበት መጠን በዝቷል። የሁሉም መጽሐፍ ጀርባ «ድንቅ» ይላል። የቅኔ ቤቱ ጓደኛ ቅኔውን ከማዳረሱ በፊት «ይህ ቃል ይሰብራል» ይለው ነበር። አንባቢ ሁለት ጊዜ በውዳሴ ተታልሎ ከገዛ በሦስተኛው የማናችንንም ድምፅ አያምንም።

መረቡም ይቋረጣል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ለወራት ታገዱ፤ ከዚያ ወዲህ አማራ ክልል በዚያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ቆየ። አንድ የጎንደር ወዳጄ መጽሐፉን አሳትሞ ሽፋኑን እንኳ መለጠፍ ሳይችል ከረመ። በአጭር የስልክ መልእክት ርእሱን ላከልኝ፣ እኔ ከቡቲዬ በሳፋሪኮም መስመር ናይሮቢ፣ ዋሽንግተንና ጁባ ላሉ ወዳጆች አስተዋወቅሁለት። ድንበር ዳር መኖር አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል።

አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ሰዉ በከብት መኪና ላይ ተሳፍሮ ነበር የሚጓዘው። አሁን መንገዱ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያም ሥራ ይዟል። የጎረቤቴ ልጅ ማዶ ተምሮ በአማርኛ ይጽፋል፤ ባለፈው ወር የመጀመሪያ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሉን አሳትሞ በሁለት ካርቶን ይዞ ገባ። ሰኞ ማታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ከመጽሐፉ ሁለት ገጽ አነበብኩ። በመጀመሪያው ቅጂ የፍየሎቹ ድምፅ ገባ፣ በሁለተኛው የመስጊዱ አዛን። ሦስተኛው ሆነልኝ። ዋጋውን በብርም በሽልንግም፣ የልጁን ስልክ ቁጥርም ተናግሬ ላክሁት። ጠዋት ሳየው ሐዋሳ ያለች አንዲት አንባቢ «የቀረውን ማን ያነብልናል?» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሯ ደግሞ አንድ የይርጋለም ሰው አምስት ቅጂ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚላክለት ይጠይቃል።