ሸክላ ያልደረሰላቸው አዝማሪዎች

በመሰንቆ የታጀበ የአገራችን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ተቀርጾ ለገበያ የቀረበው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በበርሊን ከተማ፣ ቤካ በተባለው ኩባንያ ነው። ዘፋኙ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ናቸው። ወደ ጀርመን የተላኩትም ለዘፈን ሳይሆን፣ የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማሩ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የሸክላ ዘፋኛችን የሙያ ባልደረባችን ነበሩ ብንል ብዙ አንሳሳትም።

በአሜሪካ ጊታሩን አንግቶ ከመንደር መንደር ይዞር የነበረው ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ሸክላ ያገኘው ከዚህ ዘግይቶ ነው። ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1926፣ ቻርሊ ፓተን በ1929 ዘፈኖቻቸውን አስቀረጹ። ሮበርት ጆንሰን በ1936 እና በ1937 29 ዘፈኖች አስቀርጾ በ1938 ሞተ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በእነዚሁ ብቻ ነው።

የእኛ ቅድሚያ ግን ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። በሞጣና በብቸና ገበያ፣ በጠጅ ቤትና በሠርግ ዳስ መሰንቆውን ይዞ ይዞር የነበረው አዝማሪ የሸክላ ኩባንያ ደጃፉ አልደረሰም። ግራማፎን የሚገዛ ሰው ጥቂት፣ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካም በአገር ውስጥ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ግን ኩባንያዎቹ ጥቁሩ ሕዝብ ሸክላ እንደሚገዛ ስለ ተረዱ ዘፋኙን እየፈለጉ ያስቀርጹት ነበር። ከሥነ ጥበቡም የሚመጣ ችግር አለ። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ ድምፅ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን፣ በጡሩንባ መሰል ቀንድ ተሰብስቦ በሰም ላይ ነበር። በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር የሚናገረው መሰንቆ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ እንዲህ ላለው መሣሪያ የሚመች አይደለም። የሸክላው አንድ ፊት ደግሞ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ተሰብሳቢው «ተቀበል!» እያለ ግጥም የሚያቀብለው፣ አዝማሪውም እየተቀበለ እስከ ሌሊት የሚያስረዝመው ዜማ በሦስት ደቂቃ ከተቆረጠ ምኑ ይተርፋል?

ከዚህም የከፋው በ1929 ዓ.ም. መጣ። ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ዘዋሪ አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። የቅኝ ገዥው መንግሥት መሰንቆን ከጠመንጃ ባልተናነሰ ፈርቶት ነበር ማለት ነው። የተገደሉት አዝማሪዎች ዜማ ከእነርሱ ጋር ተቀበረ።

ከነጻነት በኋላ የሸክላ ሥራ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ቆየ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ጥሶ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ገበያው በአብዛኛው የዘመናዊ ባንዶች ሆነ። የደጋውን መሰንቆ በዚያው ጊዜ በቴፕ እየቀረጹ ያስቀሩት እንደ ጂን ጄንኪንስ ያሉ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ነበሩ። በጥር 1937 ዓ.ም. ስለ ተሰቀለው የብቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ የተገጠመው ግጥምም ለብዙ ዘመን ያደረው በሰው ጉሮሮ ነው።

ካሴት ነገሩን ለወጠው። በሞጣ በየቤቱ የሠርግ ካሴት ተጠራቅሞ ይገኛል። ነገር ግን የካሴት ክር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ማግኔታዊው ቅብ ይረግፋል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። ወደ ዲጂታል የሚገለበጠው አሁን፣ ክሩ ሳይበጠስ ነው። በካሴቶቹ ጀርባ ላይ ደግሞ በአብዛኛው የተጻፈው የሙሽሮቹ ስም እንጂ የአዝማሪው ስም አይደለም።