ቁጥርና ስም፦ የሱዳን መንገድ ሙታን፣ ጀግኖቻቸውና የመታሰቢያ ጥበብ ከሮቫ ቤት ሲታይ

በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲያቀኑ በመንገድና በስደተኞች ካምፕ ያለቁትን ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) የሚዘክር ብሔራዊ መታሰቢያ ቆሟል። የተመረቀው በ2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሀገር ቤቱን ጎጆ በሚያስታውስ ቅርጽ የተሠራው ይህ ሥፍራ፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይካሄድበታል። ባለሥልጣናት ይናገራሉ፣ ቄሶች ይጸልያሉ፣ ከየከተማው የመጡ ቤተሰቦች ያለቅሳሉ። በንግግሮቹ ሁሉ የሚደጋገም አንድ ቁጥር አለ፤ 4,000 ያህል ሰው።

ለዚህ መታሰቢያ መቆም ብዙዎች ለዓመታት ታግለዋል፤ ድካማቸው ትልቅ ነው። ሆኖም መታሰቢያውን ከሮቫ ቤት፣ ማለትም በእስራኤል ካለችው ከአሽዶድ ከተማ ተራ የመኖሪያ ሰፈር ሆኖ ለሚመለከተው ሰው፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ይቀራል። ቁጥሩ ለሕዝቡ ዕውቅና አስገኝቷል፤ ለየቤተሰቡ ሟችና ለየቤተሰቡ ጀግና ግን ምን አስገኘ? የዚህ መጣጥፍ ክርክር፣ የሱዳን መንገድ መታሰቢያ እስካሁን በአብዛኛው የተመሠረተው በጅምላ ሐዘን ላይ መሆኑና፣ የአማርኛና የቤተ እስራኤል የለቅሶ ባህል ግን ከጥንቱም ሰውን በስሙና በሥራው ያስታውስ የነበረ መሆኑ ነው። ጥበባችን ወደዚያ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረች የስደተኞች ከተማ ናት። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ከሞሮኮና ከግብፅ የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ ከዚያ ከጆርጂያ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፈረንሳይ የመጡት ተጨመሩ። ከኢትዮጵያ የመጡት ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ ገቡ። ሰፈሮቿ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ ስለሚጠሩ ሮቫ ቤት ማለት ሁለተኛው ሰፈር ማለት ብቻ ነው። እዚህ በአንድ ደረጃ ላይ የሚገናኙ ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙታን ይዘው መጥተዋል። ሐውልት አይታይም። የቤተ እስራኤሉን የግል መታሰቢያ ለማየት ወደ ሳሎን መግባት ያስፈልጋል፤ በግድግዳው ላይ በሀገር ቤት የተነሳ ያረጀ ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ የወታደር ልጅ ፎቶግራፍ፣ በመደርደሪያው ላይ የሸክላ ምስል። ፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ብዙውን ጊዜ አያቶች ብቻ ናቸው።

በሀገር ቤት ሞት የራሱ ሥርዓት ነበረው። መርዶ ነጋሪዎች በማለዳ ይመጣሉ። ለቅሶው ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ከሁሉ በላይ ድምፅ አለው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በደፈናው ደግ ሰው ነበር ብላ አታልፍም፤ የማን ልጅ እንደነበረ፣ የትኛውን መሬት እንዳረሰ፣ ማንን እንዳበላ፣ በየትኛው ቀን እንዳልሸሸ ትዘረዝራለች። ሙሾ በግጥም የተሠራ የሕይወት ታሪክ ነው። ሌላው የሀገሬው ሕዝብ እንደሚያደርገው ሁሉ ቤተ እስራኤልም ተዝካር ያወጣል፤ ዘመዱን በስሙ ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል። የጀግንነት መለኪያውም ለሕዝብ የታወቀ ገድል ብቻ አልነበረም፤ በክፉ ቀን ጎተራውን የከፈተ ሰው በሙሾ ውስጥ ከጦረኛ እኩል ይቆም ነበር።

ሱዳን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጠቀ። ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከሰሜንና ከትግራይ የተነሡት ሰዎች ለሳምንታት በእግር ተጉዘው፣ ከሽፍታና ከወታደር ተርፈው፣ ገዳሪፍ አካባቢ ሲደርሱ የጠበቃቸው ካምፕ ነበር። በተለይ በ1984 በኡም ራኩባ ካምፕ ወባ፣ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ረሀብ ሕፃናትንና አረጋውያንን ፈጁ። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ መደበቅ ስለነበረባቸው ሙታናቸውን እንደ ሥርዓታቸው በግልጽ መቅበርና ማልቀስ አልቻሉም። በዘመቻ ሙሴ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ፣ 8,000 ያህል ሰው ወደ እስራኤል ተጓጓዘ፤ ወሬው ሾልኮ በጋዜጣ ሲወጣ ግን በረራው ተቋረጠ፣ ቤተሰብም ለሁለት ተከፈለ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ኡም ራኩባ እንደገና ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን መጠለያ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሙታን ምልክት አልባ መቃብር ባለበት ሥፍራ ዛሬ ሌላ የወገን ሐዘን ሰፍሯል።

ከዚህም የቆየ ኪሳራ አለ። በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ባሕሩ እንደሚከፈልላቸው አምነው ነበር። ጉዞው ትግራይ ላይ ቆመ፤ በበሽታና በረሀብ ብዙዎች አለቁ፣ ከተረፉት ከፊሉ እዚያው ቀሩ። ለነዚህ ሙታን ማንም ድንጋይ አላቆመም፤ ታሪኩ በሕዝቡ ዘንድ የተረፈው በአፍ ነው። ከ1980ዎቹ መንገደኞች በፊት የነበረው መንገደኛ ሕዝብ ስሙን ያጣው በዚህ መልክ ስለሆነ፣ አሁን ያለው ትውልድ ስም የማጣትን ትርጉም ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባል።

ስም ያተረፈ ጀግና የለም ማለት አይደለም። ፈረደ አክሉም አለ። መምህር ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደርግ ሲያሳድደው ወደ ሱዳን ሸሸ፣ ከዚያ የእርዳታ መልእክት ላከ፣ ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ከሞሳድ ሰዎች ጋር ተገናኝቶ የሱዳንን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆነ። በ2009 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ አረፈ፤ የተቀበረው በቤርሳቤህ ነው። በ2019 በወጣው የሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት ፊልም ከበደ ቢምሮ የተባለው ገጸ ባሕርይ የእሱን ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። የፊልሙ ዋና ሰው ግን በክሪስ ኢቫንስ የተተወነው የሞሳድ ሰላይ ነው፤ ከበደ ከጎኑ ይቆማል። ፊልሙ የሚያሳየን የታዳኞችን ብዛትና የአዳኞችን ፊት ነው። መንገዱን ያገኘ ሰው በራሱ ታሪክ ውስጥ ረዳት ሲሆን፣ ያ የምርጫ ስሕተት ነው፤ ምርጫውም የሚነግረን ጀግና ለማየት የለመደው ዓይን የማን እንደሆነ ነው።

ከፈረደ ጀርባ ደግሞ ሕዝቡ ኮሚቴ እያለ የሚጠራቸው ወጣቶች ነበሩ። ገንዘብና መድኃኒት በስውር የሚያከፋፍሉ፣ የበሽተኛ ስም የሚመዘግቡ፣ በሌሊት ሰው አሰባስበው ወደ መኪና የሚያደርሱ ነበሩ። የተያዙትና የተገረፉትም አሉ። ከነሱም በላይ ስም የሌላቸው፣ የሌላ ሰው ልጅ አዝለው የተሻገሩ እናቶች፣ በሽተኛ ወላጅ ጥለው ላለመሄድ ወደ ኋላ የተመለሱ ሴቶች አሉ። ለኔ የዚህ ታሪክ ጀግና ማን ነው ቢሉኝ እነዚህን እጠራለሁ።

በጥበቡ በኩል አንዳንድ ሥራዎች ወደዚህ ቀርበዋል። እስራኤላዊው ሙዚቀኛ ሽሎሞ ግሮኒክ ከሼባ መዘምራን ጋር በ1993 ያሳተመው፣ ግጥሙ የሐይም ኢዲሲስ የሆነው የጉዞው መዝሙር፣ የእስራኤልን ሕዝብ ሁሉ ከሱዳን መንገድ ጋር አስተዋወቀ። ኃይሉ የመጣው ከመዘምራኑ ነው፤ የሚዘፍኑት ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ነበሩ። በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ግን ተናጋሪው ስም የለሽ ልጅ፣ የሞተችውም ስም የለሽ እናት ናት። ለብዙኃን መዝሙር ይህ ያስፈልጋል፤ ማንም ሰው የራሱን እናት ሊያስገባበት ይችላልና። ነገር ግን መዝሙሩ ብቻ ሲቀር ሁሉም እናቶች አንድ እናት ይሆናሉ።

ባዚ ገቴ በ2014 የሠራው የቀይ ቅጠሎች ፊልም በተቃራኒው ከአንድ ሽማግሌ አይወጣም። ደበበ እሸቱ የተጫወታቸው መሰጋኒዮ፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ቤታቸውን ሸጠው በልጆቻቸው ቤት ይዞራሉ። ግትር ናቸው፣ ይቆጣሉ፣ ልጆቻቸውን ያስጨንቃሉ። እስራኤላዊው ተመልካች ከኢትዮጵያ ሽማግሌ የሚጠብቀው ዝምታና ትሕትና እሳቸው ጋር የለም። የኪንግ ሊር ጥላ ያለበት ይህ ፊልም መታሰቢያ ተብሎ ባይሠራም፣ በኔ ግምት ከብዙ ሐውልት ይበልጣል፤ የአባትን ክብር ከነጉድለቱ ያስቀምጣልና። ሙሾም ጥሩ ሲሆን እንዲህ ነበር፤ ሟቹን ያመሰግናል፣ ግን ሰው ያደርገዋል።

በ1985 ተወልዳ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችው ሠዓሊ ኒሪት ታከለም እንዲሁ። በዚያ ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ተጓጓዘ፤ ይህም ቁጥር በየመጽሐፉ አለ። ታከለ የምትሥላቸው ሰዎች ግን ገዝፈው፣ ተሞልተው፣ ሸራውን እስከ ጠርዙ ይዘው ይታያሉ። በ2015 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የእስራኤል ወታደር በፖሊስ መደብደቡ ሕዝቡን ወደ አደባባይ ባወጣ ጊዜ ድርጊቱን ሣለችው። መታሰቢያ የሚገባው የሩቁ መንገድ ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ፣ በእስራኤል ጎዳና የደረሰው ስብራትም የታሪኩ ክፍል እንደሆነ በዚህ አሳይታለች።

ከሁሉም ግን ሸክላው ያሳስበኛል። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ አንበሳ። በዚያው ሙያ ምክንያት ቡዳ ተብለው ተንቀዋል። በእስራኤልም ሥራውን የቀጠሉ አሉ፤ ምስሎቻቸው ግን በአብዛኛው የሚገዙት እንደ ባህል ጌጥ ነው። እነዚያ እጆች የጠፋን ሰው ፊት ለመሥራት የሚችሉ ሆነው ሳለ፣ የመንግሥት መታሰቢያ ሲታሰብ በቀዳሚነት አልተጠሩም። ይህ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

በስም የማስታወስ ነገር ችግር የለውም አይባልም። በዋሽንግተን በ1982 የቆመው የቬትናም ጦርነት ግድግዳ ከ58,000 በላይ ስም ይዟል፤ ያ የተቻለው ሠራዊት መዝገብ ስላለው ነው። በአዲስ አበባ በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የሟቾቹን ፎቶግራፍ ሲሰቅል ቤተሰቦች ፎቶ ነበራቸው። የሱዳን መንገድ ሕፃን ግን ፎቶም መዝገብም የለው፤ ያለው የእናቱ ትውስታ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ቤተሰቡ እንዲነገር የማይፈልገው ነገር አለ፦ የተደፈሩ ሴቶች፣ በመንገድ ዳር የተተዉ አዛውንቶች። ጥበብ እነዚህን በግድ ሊያወጣ አይገባውም። ምን እንደሚነገር የሚወስኑት ባለ ሐዘኖቹ ናቸው። ይሁንና ሊነገር የሚችለውንም ዝም ያሰኘው ብዙውን ጊዜ እነሱን የሚጠይቃቸው ሰው መጥፋቱ ነው።

ጊዜውም አጥሯል። በ1984 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው የኮሚቴ ሰው ዛሬ ስድሳን አልፏል፤ ያኔ አርባ የነበረችው እናት ሰማንያን ተሻግራለች። ስለዚህ ለአሽዶድ ከተማ፣ ለሮቫ ቤት ትምህርት ቤቶችና ለአካባቢው የጥበብ ሰዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሌላ ሐውልት ከመታሰቡ በፊት በየቤቱ ያለው ፎቶግራፍ ስም ይውጣለት፤ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዕብራይስጥ ይጻፍ፤ ሙሾው ሳይቆራረጥ ይቀዳ፤ ሠዓሊውና ሸክላ ሠሪዋም ከዚያ መዝገብ ይነሡ። አንባቢም ይህን ለባለሥልጣን አይተወው። እናትዎን ወይም አያትዎን ዛሬ ይጠይቁ፦ በመንገድ የቀረው ማን ይባል ነበር? የማን ልጅ ነበር? ማን ቀበረው? መልሱንም በሚናገሩበት ቋንቋ፣ በቃላቸው ይጻፉት።