ሊንክቼከር

ሊንክቼከር በአንድ ድረ ገጽ ላይ ያሉ ሊንኮችን አንድ በአንድ እየተከተለ የማይሠሩትን የሚለይ፣ በፓይተን የተጻፈ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው።

የመነሻ አድራሻ ሲሰጠው ገጹን ያነብባል፤ ያገኛቸውን ሊንኮች መዝግቦ በእነሱ በኩል ወደ ቀጣዮቹ ገጾች ያልፋል። ለእያንዳንዱ አድራሻ የሰርቨሩን መልስ ያያል፦ 200 ከሆነ ገጹ ደህና ነው፤ 301 ከሆነ አድራሻው በቋሚነት ተዛውሯል፤ 404 ከሆነ ገጹ አልተገኘም፤ 500 ከሆነ ችግሩ የሰርቨሩ ነው። ሪፖርቱ የተበላሸው ሊንክ በየትኛው ገጽ፣ በስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ስለሚጠቁም አራሚው በፍለጋ አይደክምም።

የተበላሹ ሊንኮች ጉዳይ ቀላል አይደለም። ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2013 ከነበሩ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊከፈቱ አልቻሉም። ከእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ገጾችም 54 በመቶው በማጣቀሻቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ የሞተ ሊንክ ተገኝቶባቸዋል።

መሣሪያው የማይደርስበት ነገርም አለ። አንዳንድ ሰርቨር «ገጹ የለም» የሚል ጽሑፍ እያሳየ 200 ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ገጽ ሊንክቼከር እንደ ጤናማ ስለሚቆጥረው፣ ዋና ዋና ገጾችን አልፎ አልፎ ሰው ራሱ ከፍቶ ማየት ይኖርበታል።