ከስልክ እንጨት እስከ ኔትወርክ ማማ፦ መቁረጫው በማን እጅ ነው?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ በምኖርበት ሰፈር በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የገመድ አልባ ኢንተርኔት ማሠራጫ ጣቢያ ሊተከል ነው የሚል ወሬ ተሰማና ሰፈርተኛው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ኔትወርክ ሊሻሻል ነው» ብሎ ተደሰተ፤ ገሚሱ ደግሞ «ጨረር ሊለቁብን ነው» ብሎ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። አቤቱታው እኔም ዘንድ ደረሰ። «ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና መጀመሪያ ይፈርሙልን» አሉኝ አንዲት የማከብራቸው እናት። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት ነገሩን በዐይኔ ልይ ብዬ የሕንፃውን ባለቤት አስፈቅጄ ወደ ጣሪያው ወጣሁ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ቀን ትዝብት ነው ልል አልችልም። በጣሪያው ላይ ያየሁት ብረትና ሽቦ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት ወደ ተጀመረ ታሪክ ስለ መለሰኝ፣ ከዚያ ታሪክ ውስጥም ዛሬም ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ ስላገኘሁ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ሽቦው ሲዘረጋ

«ስልክ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ፍቺውም ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል፣ በጥሬው ብንተረጉመው፣ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው። ቃሉ ራሱ አባቶቻችን መሣሪያውን በምን እንዳወቁት ይመሰክራል። ያወቁት በድምፁ ሳይሆን በየሜዳው ላይ በተዘረጋው ሽቦ ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ደግሞ በጣልያን መሐንዲሶች ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ሁለተኛ መስመር ተዘረጋ። ካህናቱ «አጋንንት የሚናገሩበት ዕቃ» ብለው በቤተ መንግሥቱ ላይ እንደ ተቃወሙ የሚተረከውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምንናገረው ለመሳቅ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቁን ትቻለሁ። በዐይን የማይታይ ነገር በቤቱ ላይ ሲያልፍ የሚደነግጥ ሰው አላዋቂ አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ነው። የሰፈሬ ሰዎች «ጨረር» ያሉት የካህናቱ «ጋኔን» የልጅ ልጅ ነው።

የስልክ መስመር ለማዕከላዊው መንግሥት ያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነበር። ቀድሞ በመልእክተኛ ሳምንታት የሚፈጅ የጠረፍ ወሬ በሰዓታት ውስጥ ቤተ መንግሥት ይደርስ ጀመር። ግብር ያላገባው፣ የሸፈተው፣ ከባዕድ ጋር የሚመክረው መኳንንት ሁሉ የንጉሡ ጆሮ እንደ ረዘመ ዐወቀ። ነገር ግን ሽቦ አንድ ድካም ነበረው፤ ማንም ሰው በገጀራ ሊቆርጠው ይችላል። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞቻችን የፋሺስቱን የስልክ ሽቦ እየቆረጡ እንደ ጣሉ ይታወቃል። ሽቦ የቆረጠ ሰው ግን በቦታው ነበረ፤ እጁም ፊቱም ይታያል፤ ቢያዝም ይጠየቅበታል። ይህችን ነጥብ አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አየሩ ሲናገር

ማርኮኒ አትላንቲክን በገመድ አልባ ምልክት ያሻገረው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ወደ እኛ አገር የመጣው ታላቁ የሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአቃቂ የተተከለው ሲሆን፣ የሚያስገርመው ነገር ተካዩ የጣልያን ኩባንያ መሆኑ ነው። በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። ጣልያን የሠራው ምሰሶ ጣልያንን ከሰሰ።

ይሁን እንጂ አየር የሁሉም ነው። ሽቦን ለመጥለፍ ሽቦው ጋ መድረስ ያስፈልጋል፤ የሬዲዮን ሞገድ ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። የጣልያን ጦር የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተካሄደው የማይጨው ጦርነት በፊትም የንጉሠ ነገሥቱን ሐሳብ አስቀድሞ ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የተጠለፉትን መልእክቶች እየጠቀሰ ተመጻድቆበታል። መሣሪያ ገዝቶ ማቆምና መሣሪያውን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርነው በደም ነው።

ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ የዓለም ባንክ ለስልክና ለቴሌግራፍ ማደሻ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረን። በቀጣዩ ዓመትም፣ በ1945 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ተቋሙ በየሥርዓቱ ስሙን ሲለዋውጥ ኖረ፤ ደርግ አገልግሎት፣ ቀጥሎም ባለሥልጣን አለው፤ ኢሕአዴግ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን አደረገው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ኢንተርኔት በጥር 1989፣ የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ስምምነት ተፈረመ። ከዓለም ባንኩ ብድር ጋር ሲነጻጸር፣ በዋጋ ንረቱ ላይ ሳንገባ፣ ቁጥሩ ልክ ሺህ እጥፍ ነው። አራተኛው ትውልድ የሚባለው ኔትወርክ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ስሙ፣ አበዳሪው፣ ቴክኖሎጂው ሁሉ ተለዋወጠ፤ አንድ ነገር ግን ሳይለወጥ ኖረ፤ ባለቤቱ መንግሥት ብቻ ነበር። ይህ ብቸኝነት የተሰበረው ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ በ2015 ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር ነው።

ጣሪያው ላይ ያየሁት

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። ሦስት ወጣቶች ሥራ ላይ ነበሩ። አለቃቸው በትሕትና ተቀብሎኝ የመምህርነት ቦታዬን ወሰደ፤ እኔም ተማሪ ሆንኩ።

መጀመሪያ ያሳየኝ አንቴናውን ሳይሆን መሬቱን ነው። «ዶክተር፣ ሥራው የሚጀምረው ከታች ነው» አለኝ። ከምሰሶው አናት ካለው የመብረቅ መከላከያ ጀምሮ ወፍራም የመዳብ ገመድ በሕንፃው ጀርባ ወርዶ በአፈር ውስጥ ይቀበራል። የምድሩ መቋቋም ተለክቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ኦም በታች መሆን አለበት። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ደጋ ይህ ካልተሟላ፣ በአንድ ሌሊት ዝናብ የሚሊዮኖች ብር ዕቃ አመድ ይሆናል። መዳቡን የሚሰርቅ ሰው በበኩሉ የሚሰርቀው ሽቦ ይመስለዋል፤ የሚሰርቀው ግን የሰፈሩን ድምፅ ነው።

ከምሰሶው ላይ ሦስት ረዣዥም ሳጥኖች ታስረዋል። አንቴናዎቹ እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ከክቡ 120 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። አቅጣጫቸው በኮምፓስ ይለካል፤ ለኪው ግን ከብረቱ ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ አለዚያ ብረቱ መርፌውን ያሳስተዋል። ቀጥሎ አንቴናው በጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ይዘነብላል። ለምን ቢሉ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሞገዱ የራሱን ሰፈር ዘልሎ ሩቅ ላለ ጣቢያ ረብሻ ይሆናል። ደጃፉን ትቶ አድማስ የሚያይ አንቴና ለማንም አይጠቅምም። በመንግሥት አስተዳደርም እንዲህ ዓይነት አንቴና አይቻለሁ።

ከአንቴናው ጀርባ የሬዲዮው ሳጥን አለ። ቀድሞ ሬዲዮው ታች ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ወፍራም ገመድ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ታዲያ ከጉልበቱ ብዙው እመንገድ ላይ ይባክናል። አሁን ሬዲዮው ራሱ ላይ ወጥቶ ከታች ካለው አእምሮ ጋር በቀጭን ፋይበር ይገናኛል። መገጣጠሚያዎቹ በሙሉ በጎማና በፕላስተር ተደራርበው ይጠቀለላሉ፤ ውኃ ከገባ ሞገዱ ወደ ኋላ ይመለሳልና።

ታች ያለው ቁም ሣጥን መሰል ብረት የመብራቱን 220 ቮልት ወደ 48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይተካል፤ ባትሪው ሲደክም ጀነሬተር ይነሣል። ልጁ ቮልቱ «ኔጌቲቭ 48» መሆኑን ሲነግረኝ «ለምን ኔጌቲቭ?» ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩ ከጥንቱ የስልክ ማዕከል የተወረሰ ነው። ከመሬት ጋር የሚገናኘው ፖዘቲቩ ጫፍ ሲሆን፣ የተቀበረው የመዳብ ሽቦ በርጥበት ቶሎ አይበላም። ከሽቦ ነጻ ወጣ የተባለው መሣሪያ በሆዱ ውስጥ የሽቦውን ዘመን ልማድ ተሸክሞ ይኖራል። ለታሪክ መምህር ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

በመጨረሻ አንዲት ክብ ዲሽ ቀረች። እርሷ ወደ ሰፈሩ አታይም፤ በሩቅ ወዳለ ሌላ ጣቢያ ብቻ ታያለች። የሰፈሩ ሁሉ ንግግር ተጠቃልሎ ወደ ማዕከል የሚሄደው በእርሷ ነው። በሁለቱ መካከል ዐይን ለዐይን መተያየት ግድ ነው። «ትልቁ ጠላታችን ባሕር ዛፍ ነው» አለኝ ልጁ እየሳቀ፤ «ስንተክል አጭር ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መስመሩን ይጋርደዋል»። በምኒልክ ዘመን ከስልኩ ጋር ተቀራርቦ የገባው፣ ኋላም የስልክ እንጨት ሆኖ ሽቦውን የተሸከመው ዛፍ፣ ዛሬ ሞገዱን የሚጋርድ ሆነ።

ስለ ጨረሩም ጠየቅሁት። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር የአካልን ቅንጣቶች የሚሰብር አይደለም። ብርታቱ ከአንቴናው ፊት ለፊት፣ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለሆነ፣ ሠራተኛ በዚያ ሊቆም አይፈቀድለትም፤ ርቀት ሲጨምር ግን እጅግ በፍጥነት ይደክማል። ከአንቴናው በታች ያለው ቤት ደግሞ ከፊቱ አይደለም። ይህን ወርጄ ለሰፈርተኛው ስነግር ብዙዎቹ ሰከኑ። አንድ ሰው ብቻ «ታዲያ ይህን ማን ነግሮን ያውቃል?» አሉ። እውነት ብለዋል። ሊተከል ሲመጣ ማንም ሰብስቦ አላስረዳቸውም።

መቁረጫው

ከመውረዴ በፊት የመጨረሻ ጥያቄዬን ጠየቅሁ፦ «ይህን ጣቢያ ለመዝጋት ማን ይወጣል?» ልጁ ገረመው። «ማንም አይወጣም ዶክተር፤ ከማዕከል በትእዛዝ ይዘጋል። መብራቱ እንደ በራ፣ ማማውም እንደ ቆመ ይሆናል»።

ውድ አንባብያን፣ ከጣሪያው ይዤ የወረድኩት ይህን ቃል ነው። ከምርጫ 97 በኋላ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ከሁለት ዓመታት በላይ ቆየ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ ተፋላሚዎቹ አንዱ ሌላውን ሲከስስ፣ በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት የሚኖር ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሆነ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው አገልግሎቱ ቀስ በቀስ የተመለሰው። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ።

አገር በጦርነት ውስጥ ሆና መንግሥት ምንም ዓይነት ገደብ አይጣል የሚል የዋህነት የለኝም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነጻነትን ሲያጸና፣ ገደብ የሚጣለው በሕግ መሠረት መሆኑን ይናገራል። በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቁሟል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፦ ትእዛዙን የፈረመው ማን ነው? ለስንት ቀን? በየትኛው ወረዳ? ሆስፒታሉና ባንኩስ? ጊዜው ሲያልፍ ለማን ይግባኝ ይባላል?

ጥንት ሽቦ የቆረጠ ሰው በገጀራው ሥር ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ሚሊዮኖችን የሚያደነቁረው እጅ አይታይም፤ ኦፕሬተሩ «ታዝዤ ነው» ይላል፤ አዛዡ ዝም ይላል። ሁለተኛ ኦፕሬተር መምጣቱ ዋጋውንና ጥራቱን አሻሽሎ ይሆናል፤ ትእዛዙን ግን ሁለቱም ከአንድ ቦታ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ማማው ቢበዛም መቁረጫው አንድ ነው።

ያቺ የማከብራቸው እናት በማግሥቱ «ፈረሙ ወይስ አልፈረሙም?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈረምኩም፤ ምክንያቱንም አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እኔስ ከልጄ ጋር የምገናኘው በእርሱ አይደል» ብለው ወረቀቱን አጠፉት። እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማማ ሊተከል ሲል ፊርማ ማሰባሰብ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ማማው በተዘጋ ቀንም የዘጊውን ፊርማ መጠየቅን ይልመድ።

ቸር እንሰንብት።