ከነጃሺ ችሎት እስከ ዋጂር ገበያ፤ ሴቶችና ወጣቶች በእርቀ ሰላም ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአገራችን ጠበኞችን ማስታረቅ «ሽምግልና» ይባላል። ስሙ ራሱ «ሽማግሌ» ከሚለው ቃል ጋር የተሳሰረ ነው። ሁለት ቤተሰቦች ሲጋጩ፣ በገበያ ወይም በግጦሽ ምክንያት ደም ሲፈስ፣ በመጀመሪያ የሚፈለጉት ጢማቸው የሸበተ አባቶች ናቸው። ይህ መልካም ነው፤ የአባቶች ምክር በረካ አለው። ይሁን እንጂ ጠቡ የማንን ጓዳ እንዳራቆተ የምታውቀው እናት፣ ዱላውንም ጠመንጃውንም የሚያነሳው ወጣት ከሸንጎው ውጭ ቆመው የተፈጸመ እርቅ ምን ያህል ይጸናል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከታሪክ አንጻር እንመለከታለን።

ከቀደምቶቻችን ታሪክ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይሰጣቸው፣ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ፣ ከየመን ወደ መካ የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለአንድ የቁረይሽ ትልቅ ሰው ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። በከተማው ዘመድ የሌለው እንግዳ ነበርና ጩኸቱን የሚሰማለት አጣ። በዚህ ጊዜ ከቁረይሽ ጎሳዎች አንዳንዶቹ በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው የአገር ልጅም ይሁን እንግዳ መብቱ እስኪመለስለት ድረስ ከጎኑ ሊቆሙ ቃል ተጋቡ። ይህ ስምምነት «ሒልፈል ፉዱል» ይባላል። ወጣቱ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ቤት ከተገኙት አንዱ ነበሩ፤ ነቢይ ከሆኑ በኋላም ስምምነቱን በመልካም ያነሱት ነበር፤ በእስልምና ዘመን ቢጠሩበት እንኳ እንደሚቀበሉት ተናግረዋል።

ሁለተኛው ታሪክ የእኛው ምድር ታሪክ ነው። ሙስሊሞች ከመካ ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን ስጦታ አስይዘው ወደ ንጉሡ ላኩ። ነጃሺም ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ መስጠትን እምቢ አለና አስጠራቸው። በችሎቱ ቆሞ ስለ ሁሉም የተናገረው ወጣቱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነበር። ሰይፍም ሠራዊትም አልነበረውም፤ የነበረው እውነትና የተስተካከለ ንግግር ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ በዝርዝር ለትውልድ ያቆዩልን ማን ናቸው? ከባለቤታቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ የተሰደዱት፣ በኋላም የምእመናን እናት የሆኑት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። የተናገረው ወጣት፣ ታሪኩን ያስተላለፉት ሴት መሆናቸውን ልብ እንበል።

እኚሁ እናት በሂጅራ 6ኛው ዓመት (628 እ.ኤ.አ.) በሑደይቢያም ነበሩ። የሰላሙ ውል በተፈጸመ ጊዜ ሶሐቦች ዑምራ ሳያደርጉ መመለሱ ከበዳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚታረደውን እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ ቢያዙም ከሐዘን ብዛት የሚነሳ ጠፋ። ወደ ድንኳናቸው ገብተው ጉዳዩን ለኡሙ ሰለማ ነገሯቸው። እሳቸውም፣ ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው በመጀመሪያ የራሳቸውን እንዲያርዱና እንዲላጩ መከሯቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክሩን ተቀብለው እንዳሉት አደረጉ፤ ሶሐቦችም ይህን ሲያዩ ተነስተው ተከተሏቸው። የጀመዓው ልብ የተረጋጋው በአንዲት እናት ምክር ነው።

የዋጂር ታሪክ

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስለን፣ በዘመናችን በጎረቤት አገር ወደ ሆነው እንሻገር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጂር በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የሚገኝ፣ በሰሜን ከኢትዮጵያ፣ በምሥራቅ ከሶማሊያ የሚዋሰን ደረቅ አገር ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ሶማሊ ሙስሊም ሲሆን በግመል፣ በከብትና በፍየል ርቢ ይኖራል። ከጎሳዎቹም እንደ ደጎዲያ ያሉት ከድንበሩ ወዲህ በኢትዮጵያም ይገኛሉ። ኬንያ በ1963 ነፃ ከወጣችበት ጊዜ አንስቶ ያ አካባቢ እስከ 1991 ድረስ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሥር ኖሯል። በ1984 የመንግሥት ወታደሮች የደጎዲያ ወንዶችን በዋጋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሰብስበው ብዙዎችን ፈጅተዋል። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ስደተኛውም ጠመንጃውም ድንበር ተሻገረ። በዚያው ሰሞን ድርቅ ገብቶ ከብት አለቀ። በ1992 መጨረሻ የተደረገው ምርጫ ደግሞ የምክር ቤት ወንበር የየትኛው ጎሳ ይሁን የሚል ፉክክር ጨመረበት። አጁራን፣ ደጎዲያና ኦጋዴን የተባሉት ጎሳዎች ተጋጩ፤ ሰው ሞተ፣ መንጋ ተዘረፈ፣ ሱቅና ቤት ወደመ።

ጠቡ ገበያም ገባ። አንዷ ጎሳ ሴት ለሌላዋ አልሸጥም፣ ከእሷም አልገዛም አለች። በ1964 በዋጂር የተወለዱት ወይዘሮ ዴካ ኢብራሂም አብዲ በዚያ ዘመን የልጅ እናት ነበሩ። አንድ ሌሊት ተኩስ ሲበረታ ልጃቸውን ይዘው አልጋ ሥር ተደብቀው አደሩ። ሲነጋ እናታቸው፣ እሳቸውም ሕፃን ሳሉ እንዲሁ ይደበቁ እንደነበር ነገሯቸው። ይኸው መከራ ለሦስተኛ ትውልድ እንዳይተርፍ ከሌሎች ጎሳዎች ሴቶች ጋር መነጋገር ጀመሩ። አንድ ላይ ለመሥራትም ከባድ ጥያቄ ለራሳቸው አቀረቡ፦ የእኔ ጎሳ የአንቺን ዘመድ ቢገድል አሁንም ከእኔ ጋር ለሰላም ትሠሪያለሽ? አዎን ማለት የማትችል ሴት እንዳትገባ ተስማሙ።

ሥራቸውን የጀመሩት ከገበያው ነው። ማንኛዋም ሴት ከየትኛውም ጎሳ ብትሆን ሳትከለከል እንድትሸጥና እንድትገዛ፣ ችግር ሲነሳ ወዲያው የሚያይ ኮሚቴ ከመካከላቸው መረጡ። ገበያው ሲረግብ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። በባህሉ ሴት በጎሳ ሸንጎ አትቀመጥም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎችን ለመተካት አልሞከሩም፤ አንድ ላይ እንዲቀመጡ ለመኑ እንጂ። ትልልቆቹ ጎሳዎች እርስ በርስ ስለማይተማመኑ የመካከለኛነቱን ሥራ ከአነስተኛ ጎሳ የመጡ ሽማግሌዎች ያዙት። ከብዙ ውይይት በኋላ በሴፕቴምበር 1993 ወደ ሰላም መመለሻውን መንገድ የሚያሳየው የ«አል ፈታሕ» መግለጫ ተፈረመ።

ሴቶቹ በፊርማው አላረፉም። የተፈረመው ወረቀት በበረሃ ያለውን ባለ ጠመንጃ ጎረምሳ እንደማያስቆመው ያውቁ ነበር። ስለዚህ «ወጣቶች ለሰላም» የተባለ ቡድን ተቋቋመ። ወጣቶቹ በየመንደሩ እየዞሩ እኩዮቻቸውን አነጋገሩ፤ ጠመንጃ ይዘው የነበሩት የሚተዳደሩበት ሥራ እንዲያገኙ ጣሩ። ነጋዴዎችም በገንዘባቸው ረዱ። ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶችና የጸጥታ ሹማምንት ያሉበት ቡድን ግጭት ወደ ተሰማበት ቦታ ፈጥኖ ይሄድ ጀመር። በ1995 ሥራው ከመንግሥት የልማት ኮሚቴ ጋር ተጣምሮ የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ ተባለ። በ1998 በከተማው በቁጥር አነስተኛ በሆኑት ክርስቲያኖች ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜም፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ሴቶች አንድ ላይ ኮሚቴ አቋቁመው ተጎጂዎችን ረድተዋል፤ በሁለቱ እምነቶች መካከልም ውይይት ተደርጓል።

ይህ ዓይነቱ የሰላም ኮሚቴ በኋላ በሌሎች የኬንያ ወረዳዎችም ተስፋፍቷል። ወይዘሮ ዴካ በ2007 በስዊድን የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለ ሽልማት አገኙ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ኬንያ ስትናወጥም ከሌሎች አስታራቂዎች ጋር ሆነው ለሰላም ሠርተዋል። በጁላይ 2011 በመኪና አደጋ ምክንያት ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

እውነቱን ለመናገር ዋጂር ከዚያ በኋላ ጠብ አላየም ማለት አይደለም። በ2014 በጋሬና በደጎዲያ ጎሳዎች መካከል በማንዴራና በዋጂር አካባቢ እንደገና ደም ፈስሷል። ሰላም አንድ ጊዜ ተፈርሞ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ውል አይደለም፤ እንደ ሰላት ወቅቱን ጠብቆ የሚሰገድ፣ ሲቋረጥም የሚታወቅ ሥራ ነው። የዋጂር ሴቶች ያስተማሩን በአንድ ቀን ስብሰባ ብዛት ሳይሆን በየዕለቱ ገበያ በመጠበቅ ነው።

ሌላው ትምህርት ይህ ነው፦ ሴቶቹም ወጣቶቹም የሽማግሌዎችን ክብር አልነኩም። ሽማግሌው ቃሉን ሰጠ፤ ሴቲቱ ቃሉ በገበያ መፈጸሙን ጠበቀች፤ ወጣቱ ለእኩያው አደረሰው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል እርቁ ወይ አይጀመርም፣ ወይ አይጸናም። በሱረቱል ሑጁራት ሁለት የምእመናን ቡድኖች ሲጣሉ አስታርቁ የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ፣ ሱልሕ የአዛውንቶች ድርሻ ብቻ ነው ብለን ለራሳችን የምናስቀርበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ረመዳን ሲገባ መስጊዱን የሚያጥቡት፣ ለኢፍጣር ውሃና ቴምር የሚያዞሩት፣ ጀናዛ ሲኖር ቃሬዛ የሚሸከሙት ወጣቶቻችን ናቸው። ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱት፣ የታመመ የሚጠይቁት፣ በየትኛው ቤት ባልና ሚስት እንደተኳረፉ፣ በየትኛው አጥር ጎረቤት እንደተጣላ ቀድመው የሚሰሙት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ይህ ሁሉ ኸድማ ነው፤ ደመወዝ የለውም፤ ምንዳው ከአላህ ዘንድ ነው። ጉልበታቸውን እንፈልጋለን፤ ምክራቸውን ግን የምንጠይቀው ስንት ጊዜ ነው? ጠብ ሲነሳ ግማሽ ደርዘን አባቶች ብቻ ተቀምጠን ፈርደን ስንነሳ፣ ኡሙ ሰለማን በድንኳናቸው፣ ጃዕፈርን በችሎቱ እንደረሳን ይቆጠራል።

ስለዚህ የመስጊዳችን ኮሚቴ ለማስታረቅ ሲቀመጥ የሴቶችን ክፍል አስቀድሞ እንዲያማክር፣ ከሴቶች ሁለት ሦስት የተከበሩ እናቶች፣ ከደረሳዎችና ከተማሪዎችም የታመኑ ወጣቶች እንዲመደቡለት፣ እርቅ ከተፈጸመ በኋላም ቃሉ መጠበቁን በየጊዜው የሚያይ እንዲኖር አደራ እላለሁ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር የሚነሳ ነገርም ቢኖር ወሬው ከማደጉ በፊት እናቶች ከእናቶች፣ ወጣቶች ከወጣቶች ጋር ቢነጋገሩ ይበልጥ ይረግባል። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ ወይም አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ነገሩን ቀድሞ የሰማ ሰው ቀድሞ እንዲናገር መፍቀድ ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በመካከላችን ያለውን ያሳምርልን፤ ልቦቻችንን ያስማማልን፤ ለእርቅ የሚተጉትን እናቶቻችንን፣ እህቶቻችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።