ጢስ የገደለው፣ ጠርሙስ ያዳነው ቅጠል

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን አየር በከሰል ጢስ የታፈነ ነበር። ጥቀርሻው ለተክልም አልራራም። ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ፈርን ነው። ፈርን አበባ የለውም፤ ውበቱ እንደ ላባ ተሰነጣጥቆ በሚዘረጋው ቅጠሉ ነው። ያ ቅጠል እርጥበትና ንጹሕ አየር ሲያጣ ከጠርዙ ጀምሮ ይደርቃል።

በምሥራቅ ለንደን ይኖር የነበረው ሐኪም ናትናኤል ባግሾ ዋርድ በግቢው ፈርን ለማብቀል ሞክሮ ጢሱ አሸንፎታል። እ.ኤ.አ. በ1829 ግን ክንፍ ሳታወጣ በሽፋኗ ውስጥ የተኛች የእሳት ራት እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ አስቀምጦ ከደነው። ከአፈሩ ትንሽ ፈርንና ሣር በቀሉ! ሌላ ሰው ቢሆን እንደ አረም ነቅሎ ይጥላቸው ነበር። ዋርድ ግን ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አኑሮ በትዕግሥት ተከታተለው፤ ትልቁ ሥራውም ይኸው ትዕግሥቱ ነው። ቀን ከአፈሩ የሚተነው ውሃ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ጥቀርሻው ደግሞ ውጭ ይቀራል። ተክሎቹ ማንም ሳያጠጣቸው አራት ዓመት ገደማ ኖሩ። የሞቱትም ክዳኑ ዝጎ ዝናብ ስለገባባቸው ነው።

በ1833 ዋርድ ተክል የሞላባቸውን፣ እንደ ጠርሙሱ የተከደኑ ሁለት የመስታወት ሣጥኖች በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ላከ፤ በደኅና ደረሱ። ሣጥኖቹ የአውስትራሊያን ተክሎች ይዘው ሲመለሱ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ባለው ኬፕ ሆርን ላይ የመርከቡን ወለል በረዶ ሸፍኖት ነበር። ለንደን ሲከፈቱ በብሪታንያ በሕይወት ታይቶ የማያውቅ የፈርን ዝርያ ለምልሞ ተገኘ። በሃክኒ ታዋቂ የችግኝ ጣቢያ የነበረው ጆርጅ ሎዲጅስ፣ ቀድሞ ከ20 ተክል 19ኙ መንገድ ላይ ይሞትበት እንደነበር፣ በሣጥኑ ግን 19ኙ እንደሚተርፍለት መስክሯል። ኋላም ተክል ሰብሳቢው ሮበርት ፎርቹን የቻይናን የሻይ ችግኝ ወደ ሕንድ ያሻገረው በዚሁ ሣጥን ነው።

በ1845 በብሪታንያ የመስታወት ቀረጥ ሲነሣ ሣጥኑ ረክሶ የሳሎን ጌጥ ሆነ። ፈርን በልብስ ጥልፍ፣ በሸክላ ዕቃና በመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር ይቀረጽ ጀመር። ጸሐፊው ቻርልስ ኪንግስሊ በ1855 ይህን ፍቅር የፈርን እብደት ብሎ ሰየመው።

እብደቱ ዋጋ አስከፍሏል። ሰብሳቢዎች ጫካውንና ገደሉን አራቆቱት። በጣም ከተጎዱት አንዱ በአየርላንዷ ኪላርኒ ስም የሚጠራው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቅጠል ያለው ፈርን ነው፤ ለጎብኚ ሁሉ እየተነቀለ ተሸጠ። ቅጠል የሚሹ እጆች ጨርሰው ሊያሟጥጡት እንደተቃረቡ ይታመን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ተመራማሪዎች የዚህን ፈርን ቅጠል አልባ የሕይወት ደረጃ በብሪታንያ ጨለማ የዓለት ስንጥቆች ውስጥ አገኙት። አረንጓዴ ክር መስሎ ድንጋዩ ላይ ይነጠፋል፤ በብዙ ቦታም ቅጠል ሳያወጣ ራሱን እያባዛ ይኖራል።