የአምባሰል ቅኝትና የኤሌክትሪክ ድምፅ



ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሚገኘው የአምባሰል አገር ስሙን ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ለአንዱ ሰጥቷል። ክራር መቺ አስቀድሞ አውታሮቹን በአምስቱ ድምፆች ይቃኛል፤ ከዚያ በኋላ ጣቱ ባረፈበት ሁሉ የሚያገኘው አምባሰልን ነው።

በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያመነጨው ሲንተሳይዘር ግን ለሌላ አገር ዜማ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የወጣው ሚኒሙግ 44 የጣት መጫኛ ቁልፎች አሉት። ከየ12ቱ ድምፆች ለአምባሰል የሚያስፈልጉት 5 ብቻ ስለሆኑ ሰባቱን መዝለል የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የአገሩን ዜማዎች በአኮርዲዮንና በሙግ ሲቀርጽ ቅኝቱን የጠበቀው መሣሪያው ሳይሆን ጣቱ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚኒሙግ ታድሶ ሲወጣ ድምፅን የሚያርገበግበው ክፍል የራሱን መቈጣጠሪያ አገኘ፤ ቀድሞ ለዚህ ሥራ ከሦስቱ ድምፅ አመንጪዎች አንዱ ከዜማው ይጐድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ድምፅን ከፍና ዝቅ ለሚያደርገው መንኰራኵር ሞላ ተጨመረለት፤ ተጫዋቹ እንደ ማሲንቆ አንሸራቶ ሲለቀው ድምፁ ወደ ቅኝቱ ይመለሳል።

እንግዲህ አሮጌ መሣሪያ የሚያድስ ባለሙያ የሚመሰገነው አዝራር ስላበዛ አይደለም፤ እጅ የሚሻውን በቅርብ ስላስቀመጠለት ነው። ይህንንም ክራራችን ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምረን ኖሯል።